ለጋ የአበባ ሽቶ በአዳማ ሙቀትና ነፋስ፦ አመራረጡ፣ አቀባቡና አቀማመጡ

ጠዋት ከቤት ስትወጪ ያምር የነበረው የአበባ ሽታ ከባጃጅ ወርደሽ ቢሮ እስክትገቢ ጠፍቷል። አዳማ ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚያነሱት ቅሬታ ነው፤ የሚሰጣቸውም መልስ ያው ነው፦ «ፎርጅድ ሸጠውልሽ ነው።» አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሽቶው ደህና ሆኖ የተቀባበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ለጋ የአበባ ሽቶ በተፈጥሮው ቶሎ የሚተን ነው። አዳማ ደግሞ ሙቀቱ፣ ደረቁ አየርና ነፋሱ አንድ ላይ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። እዚህ ከተማ ስለ ርጭቱ ብዛት ከማሰብሽ በፊት ስለ ቦታው አስቢ። ነፋስ የማያገኘው፣ ያልደረቀ ቆዳ ላይ ያረፈ ሁለት ርጭት ክፍት አንገት ላይ ከፈሰሰ ስምንት ርጭት ይበልጣል።

ውስጡ ምን አለ?

ሱቅ ውስጥ «ፍሬሽ ነው»፣ «ፍሎራል ነው» የሚሉሽ ሽቶ በሦስት ደረጃ ይወጣል። መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚደርሰው የሎሚ ወገን ነው፦ ቤርጋሞት፣ መንደሪን፣ ሎሚ፣ አንዳንዴም የተቀጠፈ ቅጠል የሚመስል ሽታ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ከሥሩ አበባው ይመጣል፦ ጠምበለል፣ ጽጌረዳ፣ የብርቱካን አበባ፣ ፍሪዥያ፣ ፒዮኒ፣ ሙጌ። ይህ የሽቶው ልብ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይሄዳል። በመጨረሻ ቆዳ ላይ የሚቀረው ነጭ ሙስክ (የታጠበ ልብስ የሚመስል ሽታ ያለው ቅመም)፣ ሴዳር ወይም ሰንደል እንጨት ነው። እሱ ቀኑን ሊውል ይችላል፤ ነገር ግን ለቆዳ ቅርብ ነው፣ የሚሸተው ያቀፈሽ ሰው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የምናሸተው ከቆዳ ላይ ተንነው አየር ውስጥ የሚገቡትን ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። የሎሚዎቹ ቅንጣቶች ቀላል ስለሆኑ ሙቀት ሲነካቸው ወዲያው ይነሣሉ፤ የሙስክና የእንጨቶቹ ከባድ ስለሆኑ ቀስ ይላሉ። ሙቀት ሲጨምር ሁሉም ይፈጥናሉ፤ ነፋስ ሲኖር ደግሞ የተነሣው ከአጠገብሽ ሳይቆይ ይወሰዳል። ስለዚህ ሻጭ «12 ሰዓት ይቆያል» ቢልሽ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የሚቆየው ግን የመጨረሻው ንብርብር እንጂ ሱቅ ውስጥ ያስደሰተሽ የሎሚና የአበባ ሽታ አይደለም።

ስለ አበቦቹ አንድ ነገር ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ጠምበለል፣ ጽጌረዳና የብርቱካን አበባ ከአበባው ራሱ ሊጨመቁ ይችላሉ። ሙጌ የሚባለው ትንሽ ነጭ አበባና ፒዮኒ ግን ለሽቶ የሚሆን ጭማቂ አይሰጡም፤ ሽታቸው ሁልጊዜ በቤተ ሙከራ የተቀነባበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የዲዮር «ዲዮሪሲሞ» የሙጌን ሽታ በማቅረብ ስሙ የተነሣ ሽቶ ነው፤ ኤድሞን ሩድኒትስካ የተባለው ቀማሚ ይህን ሽታ የገነባው ከሌሎች ነገሮች አቀናጅቶ ነው። ስለዚህ «መቶ በመቶ ከተፈጥሮ ፒዮኒ የተሠራ» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው የሚያታልልሽ።

ጥንካሬውን ከካርቶኑ ላይ አንብቢ

ስሙ አንድ ሆኖ ጥንካሬው የተለያየ ሽቶ ብዙ ነው። «ኦ ደ ፓርፋም» የሚለው በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሽታ ቅመም ይይዛል፤ «ኦ ደ ቷሌት» ከ5 እስከ 15፣ «ኮሎኝ» ከ2 እስከ 4። ቦዲ ሚስት ከዚያም ያነሰ ነው። የቀረው በአብዛኛው አልኮልና ጥቂት ውሃ ነው።

ለአዳማ ምርጫችን ኦ ደ ፓርፋም ነው፤ ከሥሩ ነጭ ሙስክ ወይም ሴዳር ያለው። ሙቀቱን አይተው ብዙዎች «ለሙቀት ቀለል ያለ ይሻላል» ብለው ቷሌት ይገዛሉ፤ ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን ቀላልነቱን ከሽታው ዓይነት አምጪው፣ ከጥንካሬው አትቀንሺ። ለጋ አበባ በኦ ደ ፓርፋም ጥንካሬ ቢሆንም አያፍንም። የሚያፍነው ቫኒላው፣ ካራሜሉና ኡድ የሚባለው ከባድ የእንጨት ሽታ የበዛበት ነው፤ እሱን ለሐምሌ ምሽት አቆዪው።

መጠኑንም አስቢ። አንድ ርጭት በግምት 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። 50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ወደ 500 ርጭት ይወጣዋል፤ በቀን 4 ብትጠቀሚ 4 ወር ያህል ነው። 100 ሚሊው በሚሊ ሲሰላ ይረክሳል፤ ግን እዚህ ሙቀት ውስጥ ከዓመት በላይ ክፍት ሆኖ ከቆየ መጀመሪያ የሚበላሸው ያ የምትወጂው የሎሚ መክፈቻ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚሸተው የሎሚ ሽታ ነው። በየቀኑ የማትቀቢ ከሆነ 30 ወይም 50 ይበቃሻል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይሸተታል?

በዚያ ቀን ሌላ ሽቶ፣ ሽታ ያለው ሎሽን ወይም የጸጉር ቅቤ ሳትቀቢ ሂጂ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስረጪ፤ አልኮሉ እስኪበር አንድ ደቂቃ ጠብቂና አሽትቺ። ወዲያው ካሸተትሽ የሚሸትሽ አልኮል ነው። በአንድ ጉብኝት ከ4 በላይ አትሞክሪ፤ ከዚያ በኋላ አፍንጫ መለየት ያቆማል። አንዳንድ ቦታ በመካከል የቡና ፍሬ ያሸትታሉ፤ ቡና ሌላ ኃይለኛ ሽታ ነው እንጂ አፍንጫን አያጥብም። በር ላይ ወጥተሽ ንጹህ አየር መተንፈስ ወይም የራስሽን ልብስ እጅጌ ማሽተት ይሻላል።

ከወረቀቶቹ የወደድሻቸውን ሁለቱን ብቻ ቆዳሽ ላይ ሞክሪ፤ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ክንድ መታጠፊያ ውስጥ። ከዚያ ሳትገዢ ውጪ። ይህ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ሻጩ ቆሞ እያየሽ፣ ሽታውም ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ እያማረ። ግን የምትከፍይበት ሽቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሌላ ነው፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ። ፀሐዩ ላይ ተራመጂ፣ ገበያሽን ጨርሺ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና አሽትቺው። የመጨረሻው ሽታ ከሳሙና ወይም ከታጠበ ልብስ ጋር ከተመሳሰለ ያ ሙስኩ ነው፤ ደህና ነው። ከጎመዘዘ ወይም እንደ ብረት ከሸተተ ለቆዳሽ አይሆንም። ቴስተር (ለመሞከሪያ የተከፈተ ብልቃጥ) ከሌለና በሚሊ ቀድተው የሚሸጡ ካሉ፣ መጀመሪያ 5 ሚሊ ገዝተሽ ሳምንት ተጠቀሚበት።

ፎርጅዱን መለየት

አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ደምሪያቸው። በካርቶኑ ታችና በብልቃጡ ታች ላይ የታተመው አጭር የምርት መለያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ከተለያየ አትግዢው። ሴሎፎኑ የተጨማደደ፣ ሙጫው የሚታይ ከሆነ ተጠራጠሪ። ክዳኑ ሲገባ ካዘመመ፣ ውስጥ የምትወርደው ቀጭን ቱቦ ከብልቃጡ ታች አልፋ ብዙ ከታጠፈች፣ መርጫው እንደ ጉም በመበተን ፋንታ ውሃ እንደሚተፋ ቀጥ ያለ መስመር ካወጣ፣ እነዚህ ሁሉ የርካሽ ሥራ ምልክት ናቸው። በሽታው በኩል ደግሞ ፎርጅድ ለጋ አበባ በአብዛኛው ደረጃ የለውም፦ በመጀመሪያው ደቂቃ ጣፋጭና ኃይለኛ ይሆናል፣ ከዚያ ሳይለወጥ ይጠፋል።

አሮጌ ክምችትን ለማወቅ የሚረዳ ሌላ ነገር አለ። በካርቶኑ የይዘት ዝርዝር ውስጥ «ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል» የሚል ካየሽ፣ ያ ሊሊያል የሚባለው ሙጌ መሰል ቅመም ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በመዋቢያዎች ውስጥ ከልክሎታል፤ ለመራባት ጤና ጎጂ ተብሎ ስለተፈረጀ። ከአውሮፓ መጣ የተባለ ካርቶን ላይ ይህ ስም ካለ፣ ወይ ከዚያ በፊት የተሠራና ዓመታት የቆየ ነው፣ ወይ ካርቶኑ የአሮጌ ካርቶን ቅጂ ነው። ሁለቱም ለመተው ይበቃሉ፤ ነፍሰ ጡር ለሆነች ደግሞ ይበልጡን።

አቀባቡ፣ ከገላ መታጠብ ጀምሮ

ሽቶ የላብ መሸፈኛ አይደለም። ላብ ላይ የተረጨ ለጋ አበባ በደቂቃዎች ውስጥ ይኮመጥጣል፤ የሎሚው መክፈቻ ከላብ ጋር ሲገናኝ የቆየ ፍራፍሬ ይመስላል። ስለዚህ ሥራው ከገላ ይጀምራል።

1. ለብ ባለ ውሃ፣ ሽታው በማይበረታ ሳሙና ታጠቢ። ፎጣውን ጫን እያደረግሽ ውሃውን አድርቂ እንጂ ቆዳሽን አትፈትጊ፤ ትንሽ እርጥበት ይቅር።

2. ብብትሽ ላይ ሽታ የሌለው ዲዮድራንት አድርጊ። የሽቶሽ አበባና የዲዮድራንትሽ «የውቅያኖስ ነፋስ» ከተጣሉ የሚያሸንፈው ዲዮድራንቱ ነው። ብብት ላይ ሽቶ አይደረግም፤ ያቃጥላል።

3. ሽቶ የምታደርጊባቸው ቦታዎች ላይ ሽታ የሌለው ሎሽን ቀቢ። የአዳማ አየር ቆዳን ያደርቃል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ሽቶን አይይዝም፣ አልኮሉ ሲበር ቅመሙ አብሮ ይሄዳል። ሎሽን ከሌለ የምስር ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በየቦታው በስሱ አሺ። ቅባቱ ቅመሙን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጊ ከሆነ ይህን አድርጊ፤ ልዩነቱ በዚያው ቀን ይሰማሻል።

4. ሎሽኑ እስኪገባ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ቡናሽን ጠጪ፣ ጸጉርሽን ሥሪ።

5. መስኮት ዝጊ፣ ቬንትሌተር አጥፊ። ከሰል፣ ሻማ ወይም የእጣን ማጨሻ አጠገብ አትርጪ፤ ሽቶ በአብዛኛው አልኮል ስለሆነ እሳት ይይዛል።

6. ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ መርጫውን እስከ መጨረሻው ተጫኚ። ቀርበሽ ከረጨሽ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀምና ይፈስሳል፤ ከራቅሽ ወለሉን ነው የምትቀቢው። አየር ላይ ረጭቶ በመካከሉ ማለፍ የሚሉት ነገር ያምራል፣ ግን አብዛኛው ምንጣፍ ላይ ይቀራል።

7. ሳትነኪው ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ አድርቂውና ልብስሽን ልበሺ። አትሺው። ሁለት እጅን ማፋተግ ቆዳውን ያሞቃል፣ የሎሚውን መክፈቻ በሰከንዶች ያበርረዋል።

ቦታዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ለመደበኛ የሥራ ቀን 4 ርጭት፦ አንዱ ደረት መሃል፣ ልብስ ሥር። አንዱ ማጅራት ላይ፣ ጸጉር ወይም ሻሽ የሚሸፍነው ቦታ። አንዱን ለሁለቱ ክንድ መታጠፊያዎች፦ አንደኛው ላይ ረጭተሽ ሌላኛውን ቀስ ብለሽ አስነኪው፣ ሳታፋትጊ። አንዱ ወገብ ላይ ወይም የጉልበት ጀርባ፣ ረጅም ቀሚስ ከለበስሽ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች ያለው ስትራመጂና ስትቀመጪ በየጊዜው ይደርስሻል። ልብሱ ደግሞ ከነፋስ ይጋርደዋል፤ ሽታው በአንገትጌና በእጅጌ በኩል ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣል።

የእጅ አንጓን ሆን ብለን ዘለልነው። ሁሉም መጽሔት አንጓ ይላል፤ ነገር ግን በእጅ ለምትበላ ሴት አይመችም። ምሳ በፊትና በኋላ በሳሙና ስትታጠቢ ይሄዳል፣ ሳይሄድ ከቀረ ደግሞ በአንድ ትሪ አብረውሽ የሚበሉት ሰዎች ሽሮውን ከነአበባው ይበሉታል። አንገት ፊት ለፊትም ለአዳማ አይመረጥም። ለነፋሱ ክፍት ነው፣ ለፀሐዩም ክፍት ነው፤ የፀሐዩን ነገር ከታች እናነሣዋለን።

ከቀባሽ ከ20 ደቂቃ በኋላ ላይሸትሽ ይችላል። ያ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ አፍንጫ ሳይቋረጥ የሚደርሰውን ሽታ መንገር ያቆማል። በዚህ ምክንያት ደግማ ደጋግማ የምትረጨው ሴት ናት የታክሲውን ሰው ሁሉ መስኮት የምታስከፍተው። ከመድገምሽ በፊት የምታምኛትን ሰው ጠይቂ፦ «ይሸታል?»

ልብስ፣ ጸጉር፣ ቅቤና ወይባ

ጥጥ ከቆዳ የበለጠ ሽታ ይይዛል፤ እንደ ቆዳ ስለማይሞቅ በማግሥቱም ሊገኝ ይችላል። የሥራ ቀን ላይ የሻሽሽ ወይም የሂጃብሽ ውስጠኛ ንብርብር ላይ አንድ ርጭት ብታደርጊ ከአንገት ይልቅ ይቆያል። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ላይ ግን በቀጥታ አትርጪ። ቫኒላ ያለበት ሽቶ ነጭ ጥጥ ላይ ቢጫ ነጥብ ይተዋል፤ ነጥቡም የሚታየው በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው፣ በዓል ደርሶ ከቁም ሳጥን ስታወጪው። ከፈለግሽ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ላይ ረጭተሽ ሳምንት አስቀምጪና እዪ። ሐርና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይም እንዲሁ። ዕንቁና ብር ከሽቶ በኋላ ይደረጋሉ፤ አልኮሉ የዕንቁን ገጽ ያደበዝዛል።

ጸጉር ሽታ ይወስዳል፣ አልኮሉ ግን ያደርቀዋል። ማበጠሪያው ላይ አንድ ርጭት አድርገሽ፣ ትንሽ ነፈስ ሲል ከመሃል ጀምረሽ ወደ ጫፍ አበጥሪ። የራስ ቆዳ ላይ አይደረግም።

ቅቤ በተቀባሽ ቀን ከአንገት በላይ ሽቶ ተዪ። አደስ የገባበት ቅቤ የራሱ የሆነ ሙሉ ሽታ አለው፤ ለጋ አበባ ከላዩ ሲመጣ ቅቤው የቆየ ይመስላል፣ አበባውም ሳሙና ይመስላል። ሁለቱም ይጎዳሉ። የግድ ከሆነ አንዷን ርጭት ወገብ ላይ አድርጊ። ወይባ ከሞቅሽ ደግሞ ለቀናት ጢሱ ከቆዳሽ አይለቅም፤ በእኛ አስተያየት ያ ብቻውን የተሟላ ሽታ ነው፣ በላዩ አበባ አያስፈልገውም።

ከአልኮል ነጻ የሆነ የዘይት ሽቶ የምትመርጪ ከሆነ፣ መጠኑ ሌላ ነው፦ በመቀቢያው ዘንግ ጫፍ አንዴ ደረት፣ አንዴ ክንድ መታጠፊያ ላይ መንካት ይበቃል። ዘይት ስለማይተን አይበተንም፣ ስለዚህ ይቆያል፣ ግን ቅርብ ነው። ሎሽኑም አያስፈልግም። ልብስ ላይ ግን እንዳይነካ፤ የዘይት ምልክት ይቀራል።

ፀሐይ

ቤርጋሞትና አንዳንድ የሎሚ ዘይቶች ውስጥ ቤርጋፕቴን የሚባል ነገር አለ። ቆዳ ላይ እያለ ብርቱ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ሲድን ደግሞ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ አንዳንዴ ልክ ሽቶው እንደፈሰሰበት መስመር ሆኖ። የታወቁ አምራቾች ዛሬ ቤርጋፕቴኑ የወጣለት ዘይት ይጠቀማሉ፤ ርካሹና ፎርጅዱ ላይ ግን ዋስትና የለም። አንገት ላይ፣ ደረት ላይ የጠቆረ ነጠብጣብ ካየሽ በመጀመሪያ ሽቶሽን አስቢ። ክፍት ቆዳ ላይ ለቀን ሰዓት አትቀቢ፣ ቦታዎቹም ልብስ ሥር የሆኑበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ሶደሬ ስትሄጂም ከመዋኘትሽ በፊት ምንም አትቀቢ፤ ውሃውም ያጥበዋል፣ ፀሐዩም ያገኝሻል። ወጥተሽ፣ ታጥበሽ፣ ልብስ ስትለብሺ ያኔ ሁለት ርጭት።

ለአዲስ ሽቶ ሁሉ አንድ ርጭት ክንድ መታጠፊያ ላይ አድርገሽ 24 ሰዓት ጠብቂ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ታጠቢው፤ ያ ሽቶ ለልብስ ብቻ ይሁን፣ ካልሆነም ለሌላ ሰው ስጪው። ከተላጨሽ ወይም ሰም ካደረግሽ በኋላ አንድ ቀን ሳያልፍ በዚያ ቦታ አትርጪ።

የት ነው የምትሄጂው?

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሃምሳ ሰው ሙሉ ቀን ሲቀመጥ 4 ርጭት ይበዛል፤ 2 አድርጊው፣ ደረትና ማጅራት። ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ከሆነ ከመሳፈርሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ቀቢ፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ክፍል ቤትሽ ያልፍና መኪናው ውስጥ ለስላሳው አበባ ብቻ ይደርሳል። «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ መስኮት የሚዘጋ አንድ ሰው ሁልጊዜ ስለማይጠፋ፣ በዚያ መንገድ ላይ አዲስ የተረጨ ሽቶ ለነፍሰ ጡርና ለአስም ሕመምተኛ ፈተና ነው።

የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ እጣኑ ያሸንፍሻል፤ አትፎካከሪው፣ ርጭት አትጨምሪ። አራስ ልትጠይቂ ከሆነ ምንም አትቀቢ፣ ሕፃኑን ስለምትታቀፊው። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ። ለሰርግ ደግሞ እስከ 6 ርጭት መሄድ ይቻላል፣ ተጨማሪዎቹ ሁለቱ በቀሚሱ ውስጠኛ ገበር ላይ።

ቀን መሃል መድገም

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የተቀባ ኦ ደ ፓርፋም ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ አበባው ይለቅና ሙስኩ ብቻ ይቀራል። መድገሚያው ጊዜ ይህ ነው። ላቡን ሽታ በሌለው እርጥብ ሶፍት ጥረጊ፣ አድርቂ፣ ከዚያ አንድ ክንድ መታጠፊያ ላይ፣ አንድ ማጅራት ላይ። ከሁለት አይበልጥም፤ ከሥር ያለው አሁንም አለ።

ትልቁን ብልቃጥ ቦርሳ ውስጥ አትያዢ። 5 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ መርጫ ግዢ፤ 40 ያህል ርጭት ትሰጣለች። ስትሞያት እስከ አፏ አታድርሺ፣ አንድ አምስተኛውን ባዶ ተዪ፤ ፈሳሽ በሙቀት ይሰፋልና ሞልታ ከሆነ ቦርሳሽ ውስጥ ታንጠባጥባለች። ቀድሞ ሌላ ሽቶ የነበረባትን በጥሩ አልኮል ሦስት ጊዜ አለቅልቂና ክፍት አድርገሽ አድርቂ፤ ውሃ ከቀረባት ሽቶው ይደፈርሳል።

አቀማመጥ

ሽቶን የሚያበላሹት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። መታጠቢያ ቤት፣ የመስኮት ደፍ፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ የመኪና ወይም የባጃጅ ኪስ፣ እነዚህ ሁሉ መጥፎ ቦታዎች ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ደግሞ ቁም ሳጥን አናት ላይ ማስቀመጥ ትልቁ ስህተት ነው። ሙቀቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ይብሳል። የቁም ሳጥኑን ታችኛ መደርደሪያ ምረጪ፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀውን፣ ሽቶውንም ከነካርቶኑ አስቀምጪው። ካርቶኑ ለማሳያ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ብርሃን ይከለክላል። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ግን መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ሙቀቱ ሲወጣና ሲወርድ ከታችኛው መደርደሪያ የባሰ ነው።

በካርቶኑ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ምስልና ከውስጡ 36 የሚል ቁጥር ካለ፣ ከከፈትሽው በኋላ 36 ወር ማለት ነው። ስትከፍቺው ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ከታቹ ለጥፊ። የተበላሸውን የምታውቂው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፦ ሎሚው በነበረበት የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ይመጣል፣ ፈሳሹም ጠቁሯል። ከ15 ደቂቃ በኋላ አበባው ደህና ሆኖ ቢወጣም ቆዳ ላይ አታድርጊው፤ ያረጀ ቅመም ቆዳን ያስቆጣል። ወፍራም ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ረጭተሽ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በአንሶላዎቹ መሳቢያ ሥር አንጥፊው፤ እዚያ ሙስኩ ገና ሳምንታት ይሠራል።